ሳትጠየቅ የኖረች ወዳጅ

ባለፈው ጥር የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አንድ የቆየ የአሜሪካ ፊልም በክፍላችን ግድግዳ ላይ አሳይተውን ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱን አብርተው፣ «በነዚህ በሁለቱ ሴቶች መካከል የነበረው እውነተኛ ወዳጅነት ነውን?» ብለው ጠየቁን። ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። (የኋላ ወንበር ላይ ተኝተው የነበሩትን አልቆጥርም፤ እነሱም ከጩኸቱ ብዛት የተነሣ ነቅተው በአንደኛው ወገን ተሰለፉ።) እኔ «አዎን፣ እውነተኛ ወዳጅነት ነው» ካሉት ወገን ነበርኩ፤ እንዲያውም ከሁሉ አብልጬ የጮኽኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ቀን ከተናገርኩት ውስጥ ግማሹን መልሼ ለመውሰድ ነው። ግማሹን ግን አልመልስም።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ «ኢሚቴሽን ኦፍ ላይፍ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የማስመሰል ኑሮ» ብንለው የሚያስኬድ ይመስለኛል። የወጣው በ1959 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ያዘጋጀው ዳግላስ ሰርክ የሚባል፣ በጀርመን አገር ተወልዶ ያደገ፣ በናዚዎች ዘመን አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። በሆሊውድ የሠራው የመጨረሻ ፊልሙም ይኸው ነው። ታሪኩ ፋኒ ኸርስት የተባለች ደራሲ በ1933 ካሳተመችው ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን፣ ከሰርክ በፊት በ1934 ጆን ስታል የተባለ አዘጋጅ ፊልም አድርጎት ነበር። ስለ መጀመሪያው ፊልም ወደ ኋላ ጥቂት የምለው አለኝ።

ታሪኩ ይህን ይመስላል። በ1947 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ኮኒ አይላንድ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ ሎራ ሜሬዲት የምትባል ነጭ ሴት በሕዝቡ መካከል የጠፋችባትን ትንሽ ልጇን ሱዚን ትፈልጋለች። ሎራ ባሏ የሞተባት፣ የቴአትር ተዋናይት ለመሆን የምትመኝ፣ ነገር ግን ሥራ ያላገኘች ድኻ ናት። ልጇን የምታገኛት አኒ ጆንሰን ከምትባል ጥቁር ሴት ዘንድ ነው። አኒም ሳራ ጄን የምትባል የሱዚ እኩያ ልጅ አለቻት። የሳራ ጄን አባት መልኩ ከነጭ የማይለይ ሰው ስለ ነበረ፣ ልጅቱ ፍጹም ነጭ መስላ ተወልዳለች። ሎራም አኒን የልጅቱ ሞግዚት አድርጋ ገመተቻት፤ አኒ ግን እናቷ እኔ ነኝ ብላ አረመቻት። አንባቢ ይህችን ስሕተት በልቡ ይያዝልኝ።

አኒ ልጇን ይዛ የምታድርበት ቤት የላትም። ሎራ ራርታላት፣ ለአንዲት ሌሊት ብቻ፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል አስጠጋቻቸው። ያች አንዲት ሌሊት ከዐሥር ዓመት በላይ ሆነች። አኒ ያለ ደመወዝ ቤቱን ያዘች፤ ልጆቹን አሳደገች፤ ሎራም ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ቆይታ በመጨረሻ ስሟ የታወቀ ተዋናይት ሆነች። ትልቅ ቤት ገዛች። አኒም አብራት ወደ ትልቁ ቤት ገባች፤ የገባችው ግን በሥራ ልብስ ነው። ሎራ ሆና የምትጫወተው ላና ተርነር ናት፤ አኒን የምትጫወተው ጁዋኒታ ሙር።

በክፍል ውስጥ የተከራከርኩት እንዲህ ብዬ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ረኃብን አብረው ቀምሰዋል። አብሮ የተራበ ሰው ወዳጅ ካልሆነ ማን ወዳጅ ይሆናል? ሎራ አኒን ሰድባት አታውቅም፤ መትታት አታውቅም፤ ስትታመም ሐኪም ታመጣላታለች፤ ስትሞትም በአልጋዋ አጠገብ ተንበርክካ እንደ ሕፃን ታለቅሳለች። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ጥቁርና ነጭ በአንድ ወንበር መቀመጥ በሕግ የሚከለከልባቸው ክፍለ አገሮች እንደ ነበሩ እያወቅን፣ እነዚህን ሁለት ሴቶች ወዳጅ አይደሉም ማለት ግፍ ነው አልኩ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ተነሥቶ «ደመወዝ ከፋይና ደመወዝ ተቀባይ ወዳጅ ሊሆኑ አይችሉም» አለ። እኔም «አንተ ወዳጅ የምትለው በአንድ ሰፈር የሚኖረውንና በአንድ ዋጋ ጫማ የሚገዛውን ብቻ ነው እንዴ?» ብዬ መለስኩለት። ተጨበጨበልኝ። የተጨበጨበለት ሰው ነገሩን ደግሞ አይመረምርምና እኔም ረክቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ ፊልሙን በፍላሽ አድርጌ ቤት ወሰድኩትና ማታ በኮምፒውተር እንደ ገና አየሁት። እናቴና አባቴ ለሰርግ ወጥተው ነበር። በቤታችን የምትሠራው ሴት ቡና አፍልታ ስታመጣልኝ «ምንድን ነው የምታዪው?» አለችኝ፤ «የአሜሪካ ፊልም ነው፤ ነይ አብረሽኝ እዪ» አልኳት። ሶፋው ባዶ ነበር። እሷ ግን ከወጥ ቤት በርጩማ አምጥታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። እኔም «ሶፋው ላይ ተቀመጪ» አላልኳትም። ለማለት አለመፈለጌ አይደለም፤ ጭራሽ አልታሰበኝም።

እንግሊዝኛ ስለማታውቅ ዋናውን ዋናውን እተረጉምላት ነበር። ፊልሙ ከግማሽ ካለፈ በኋላ አንድ አጭር ቦታ አለ፤ በክፍል ውስጥ ሳየው ልብ ሳልለው ያለፍኩት ነው። አኒ ስለ ቀብሯ ለሎራ ትነግራታለች፤ በቀብሯ ላይ ወዳጆቿ ሁሉ እንዲገኙ እንደምትፈልግ ትገልጻለች። ሎራ ትደነቃለች፤ ይህን ያህል ወዳጅ እንዳለሽ አላውቅም ነበር ትላታለች። አኒም ብዙ መቶ ሰዎች እንደምታውቅ፣ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባል እንደሆነች፣ የብዙ ማኅበራትም አባል እንደሆነች ትነግራታለች። ሎራ አላወቅሁም ነበር ስትል፣ አኒ ያለ ቁጣ፣ ያለ ምሬት፣ ፈገግ እንደ ማለት ብላ፣ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም ትላታለች። ሌላ ነገር የለም። ፊልሙ ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል።

እኔ ፊልሙን አቆምኩት። «ምን ብትላት ነው እንዲህ ዝም ያልሽው?» አለችኝ ከበርጩማው ላይ። ተረጎምኩላት። ጥቂት አሰበችና «እውነቷን ነው» ብላ ስኒዎቹን ሰብስባ ወጣች።

ይህች ሴት በቤታችን ዐሥራ አራት ዓመት ኖራለች። እኔ አራት ዓመቴ ሳለ ነው የመጣችው። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጽፈው ወይ ብዬ ጠይቄያት «ተዪው» ብላኛለችና። በዕድሜ እናቴን ትበልጣለች እንጂ አታንስም። እናቴን «እትዬ» ትላታለች፤ «እርስዎ» ትላታለች። እናቴ «አንቺ» ትላታለች። እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ «አንቺ» ስላት ኖሬአለሁ፤ በመንገድ የማገኛትን የማላውቃትን የእሷን እኩያ ግን «እርስዎ» እላለሁ። ይህ ሁሉ ወደ ሐሳቤ የመጣው አኒ ወዳጇን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ እስከ ዕለተ ሞቷ «ሚስ ሎራ» እያለች እንደ ኖረች፣ ሎራ ግን «አኒ» ብቻ እያለች እንደ ጠራቻት ባስተዋልኩ ጊዜ ነው። በእንግሊዝኛ «አንተ»ና «እርስዎ» አይለይም፤ ሆኖም ሰው ልዩነት ከፈለገ መንገድ አያጣም። በዚህ ጽሑፍ ረቂቅ ላይ ስለ ቤታችን ሠራተኛ «እሳቸው» እያልኩ ጽፌ ነበር። ሳነብላት ሳቀችና «ማናቸው ሴትዮዋ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለዚህ በለመድነው ቀጠልኩ፤ ደስ ግን አላለኝም።

አሁን ስለ መጀመሪያው፣ ስለ 1934ቱ ፊልም ልናገር። በዚያኛው ፊልም ነጯ ሴት ቢ ፑልማን ትባላለች፤ ጥቁሯ ደሊላ። ደሊላ ከእናት ከአያቷ የወረሰችው የፓንኬክ አሠራር አላት፤ ፓንኬክ እንደ ቂጣ በምጣድ የሚጋገር ለስላሳ ነገር ነው። ቢ በዚያ ሙያ ሱቅ ትከፍታለች፤ ኋላም የደሊላን ፊት በካርቶን ላይ አሳትማ ዱቄቱን በየአገሩ ትሸጣለች፤ ትከብራለች። ለደሊላ ከትርፉ ከመቶ ሃያ እጅ ልትሰጣት ባሰበች ጊዜ፣ ደሊላ የራሴን ቤት ይዤ ከአንቺ አልለይም ብላ ታለቅሳለች። ወደ መኝታቸው ሲሄዱ አንደኛዋ ደረጃውን ወደ ላይ ትወጣለች፤ ሌላዋ ወደ ታች ትወርዳለች። ያን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ የሚፈርደው ያለ ችግር ነው፤ ሙያው የማን ነው፣ ገንዘቡን የወሰደው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ሰርክ ግን ፓንኬኩን ከታሪኩ አወጣው። በእሱ ፊልም ሎራ የምትከብረው በራሷ ሙያ፣ በቴአትር ነው፤ ከአኒ የሰረቀችው አንድ ሳንቲም የለም። ይህ ማቃለል ሊመስል ይችላል። የእኔ አስተያየት ግን ተቃራኒው ነው፤ ነገሩን ያከበደው ይህ ነው። ሎራ ሌባ ብትሆን ኖሮ እኛ ሌቦች ስላልሆንን በሰላም ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። እሷ ግን ደግ ሴት ናት። ያላደረገችው አንድ ነገር ቢኖር መጠየቅ ነው። የየት አገር ሰው ነሽ? እሑድ ስትወጪ ወዴት ትሄጃለሽ? ማን ይወድሻል? ከዐሥር ዓመት በላይ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው አልጠየቀችም፤ በዚያው ጊዜ ግን አኒ ስለ ሎራ የማታውቀው ነገር አልነበረም። የሎራ ልጅ ሱዚ እናቷ ልታገባው ያሰበችውን ሰው በልቧ እንደ ወደደች እንኳ ለሎራ የነገረቻት አኒ ናት። አንዲቱ የሌላዪቱን ቤት ከጓዳ እስከ ሳሎን፣ ከልብ እስከ ኩላሊት ታውቃለች፤ ሌላዪቱ ከወጥ ቤቱ በር በስተጀርባ ያለውን አታውቅም።

አኒ ራሷ ብትናገርስ ምን ነበረበት የሚል ይኖራል። ይህን በክፍላችን የተናገረ ነበረ። እኔ የማስበው በሰው ቤት የሚያድር ሰው የሚናገረውን መዝኖ ነው። ወዳጆች አሉኝ ማለት፣ ማኅበር አለኝ ማለት፣ ከዚህ ቤት ውጭ ሕይወት አለኝ ማለት ነው፤ ይህንም ሳይጠየቁ መናገር ልሄድ ነው እንደ ማለት ሊቆጠር ይችላል።

ብዙ ሰዎች ይህን ፊልም የሚያስታውሱት በሳራ ጄን ምክንያት ነው። በውነቱ እኔም ያለቀስኩት በእሷ ነው። ገና ሕፃን ሳለች ጥቁር አሻንጉሊት ሲሰጧት ትጥላለች። በተማሪ ቤት ነጭ ነኝ ብላ ስትኖር፣ አንድ ቀን እናቷ ብርድ እንዳይመታት ብላ የላስቲክ ቦቲ ይዛላት ወደ ክፍሏ ትመጣለች፤ አስተማሪዋም በዚህ ክፍል ጥቁር ልጅ የለችም ትላታለች፤ በዚያ ቅጽበት ሁሉም ይገለጣል። ስታድግ የወደደችው ነጭ ጎረምሳ እናቷ ጥቁር መሆኗን ሰምቶ በመንገድ ላይ ደብድቦ ይጥላታል። ሳራ ጄን ሆና የተጫወተችው ሱዛን ኮነር እናቷ ሜክሲኳዊት፣ አባቷ ከቦሔሚያ የመጣ አይሁዳዊ ነው፤ ከጥቁር ዘር አይደለችም። በ1934ቱ ፊልም ግን ያን ቦታ የያዘችው ፍሬዲ ዋሽንግተን በእርግጥ ጥቁር የነበረች፣ መልኳ ነጭ ቢያስመስላትም ነጭ ነኝ ብላ ለመኖር እንቢ ያለች ተዋናይት ናት። ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ ሆሊውድ በዚህ ነገር ወደ ኋላ መሄዱ ያስገርመኛል።

ሆኖም የሳራ ጄን ታሪክ ከሁለቱ ሴቶች ወዳጅነት ተለይቶ የሚቆም አይመስለኝም። ሎራ እንግዶች በጠራች ቀን ሳራ ጄን ምግቡን እንድታቀርብ ትታዘዛለች። እሷም ትሪውን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ የድሮ ባሪያ አነጋገር እያስመሰለች፣ ወደ ሳሎኑ ትገባለች። ሎራ ወደ ወጥ ቤት ተከትላት ሄዳ ትቆጣታለች፤ እኔ ለይቼሽ አውቃለሁን? ሱዚስ ለይታሽ ታውቃለችን? ብላ ትጠይቃታለች። ልጅቱም ለይታችሁኝ አታውቁም ብላ ታምናለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ግን ትሪውን የተሸከመችው ማን ናት? ልጅቱ ያደገችው እናቷ ስትወደድና ስታገለግል እያየች ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ብታይ ኖሮ ምናልባት ኑሮው ይቀልላት ነበር። እናቷና ሎራ ዐሥር ዓመት ሙሉ ዝም ያሉበትን ነገር በራሷ ላይ ተሸክማ ያወጣችው እሷ ናት።

ከቤት ጠፍታ ስሟን ለውጣ በሆሊውድ በምሽት ክበብ ውስጥ ጭፈራ ስትይዝ፣ አኒ ታማ ሳለ እስከዚያ ድረስ ትሄዳለች። ልትመልሳት አይደለም፤ አንድ ጊዜ አቅፋት ልትሰናበት ነው። ተቃቅፈው ሳሉ የልጅቱ የሥራ ጓደኛ በሩን ከፍታ ትገባለች። ያን ጊዜ አኒ እንባዋን ዋጥ አድርጋ፣ በዚህ ሳልፍ ያሳደግኋትን ልጅ ልያት ብዬ ነው ትላለች፤ የገዛ ልጇንም በአዲሱ ስሟ «ሚስ ሊንዳ» ብላ ትሰናበታታለች። ቅድም በልባችሁ ያዙልኝ ያልኩት ስሕተት እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ። በባሕሩ ዳር ሎራ በስሕተት ያለቻትን፣ አኒ በመጨረሻ በገዛ አፏ ሆነችው።

ፊልሙን እያመሰገንኩ አንድ ነገር ግን አልሰውርም። ፊልሙ ራሱ እንደ ሎራ ነው። ሎራ የገዛችውን ቤት፣ የሎራን ቴአትር፣ የሎራን ዕጹብ ድንቅ ልብሶችና ዕንቁዎች ያሳየናል፤ የአኒን ቤተ ክርስቲያን ግን በሕይወት ሳለች አንድም ቀን ገብቶ አያሳየንም። ወዳጆቿን የምናያቸው አስከሬኗን ሊሸኙ ሲመጡ ነው። እነዚያ ዓመታት በአሜሪካ ምን ዓመታት እንደ ነበሩ እናስታውስ። ከ1955 መጨረሻ እስከ 1956 መጨረሻ በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁር ሕዝብ በአውቶቡስ አንሳፈርም ብሎ ከአንድ ዓመት በላይ በእግሩ ሄዷል፤ ከሚሄዱትም መካከል ብዙዎቹ በነጮች ቤት ምግብ የሚያበስሉና ልብስ የሚያጥቡ እንደ አኒ ያሉ ሴቶች ነበሩ። አኒ ስለዚህ ነገር በማኅበሯ ምን ተናግራ ይሆን? ሎራ አልጠየቀቻትም፤ ዳግላስ ሰርክም አልጠየቃትም።

ቀብሩ ግን ታላቅ ነው። አራት ነጫጭ ፈረሶች የሬሳውን ሠረገላ ይስባሉ፤ ሙዚቀኞች በሰልፍ ይሄዳሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሕዝቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል። ማሄሊያ ጃክሰን ትዘምራለች፤ በ1963 በዋሽንግተን ከማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግር በፊት የዘመረችው ያችው ናት። ሎራ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እንግዳ ናት። ያች «አኒ» ብቻ ስትላት የኖረች ሴት ለዚህ ሁሉ ሰው ማን እንደ ነበረች የምታየው ያን ጊዜ ነው። ሳራ ጄንም ዘግይታ ደርሳ በሣጥኑ ላይ ትወድቃለች። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ሰው የሰው ብዛቱ የሚታወቀው በለቅሶው እንደሆነ ዕድር ያለው ሁሉ ያውቃል፤ አኒም በአኗኗሯ ሁሉ ለዕድሯ ስትከፍል የኖረች ሴት ናት ብል አልዋሽም።

ለዚህ ሥራቸው ጁዋኒታ ሙርና ሱዛን ኮነር ሁለቱም ለኦስካር ሽልማት ታጭተው ነበር፤ ሁለቱም አላገኙም። ሁለቱም ፊልሞች በአሜሪካ ተጠብቀው እንዲቆዩ ከተመረጡት ፊልሞች መዝገብ ገብተዋል፤ የመጀመሪያው በ2005፣ ሁለተኛው በ2015። ጁዋኒታ ሙር ግን በ2014 ስላረፈች ይህን ሳታይ ቀረች።

አሁን ወደ በርጩማው ልመለስ። በማግሥቱ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት እየላጥኩ ጠየቅኋት። እኔ የማውቀው ከወሎ እንደ መጣች ብቻ ነበር። የተወለደችበትን ቀበሌ ነገረችኝ። ሦስት ወንድሞች እንደ ነበሯት፣ አሁን ሁለት እንደ ቀሩ ነገረችኝ። ቀጥላም፣ እንደ ቀላል ነገር፣ በሰፈራችን በየቤቱ የሚሠሩ ዐሥራ ሰባት ሴቶች ዕቁብ እንዳላቸውና የዕቁቡ ዳኛ እሷ እንደሆነች፣ ይህም ስድስት ዓመት እንዳለፈው ነገረችኝ። ሽንኩርቱን አስቀመጥኩ። ዐሥራ ሰባት ሰው ላቡን አምኖ የሚያስረክባትን ሴት፣ እኛ ቤት ከገበያ ስትመለስ የቲማቲሙን መልስ እየቆጠርን ነው የምንቀበላት።

የሞተውን ወንድሟን በተመለከተ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መርዶው የመጣው እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ የመሳፈሪያና ለለቅሶው የሚሆን ገንዘብ ሰጥታ፣ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ሰጥታ ላከቻት። ከቤታችን ግን ለለቅሶው የሄደ ሰው አልነበረም። አያቴ በሞተች ጊዜ ሰልስት እስኪወጣ ድረስ ዐይኗን ያልከደነችው እሷ ነበረች። እናቴ ሁልጊዜ «እኛ እኮ እኅትማማች ነን» ትላለች። ውሸቷን አይደለም። እናቴ በታመመች ጊዜ ሰውነቷን ያጠበቻት፣ ስታገግምም እጅ ለእጅ ተያይዘው በግቢው ውስጥ የሚንሸራሸሩት እነሱ ናቸው፤ አይቻለሁ። ስለዚህ ነው ከተናገርኩት ግማሹን አልመልስም ያልኩት። ወዳጅነት ባይኖር ኖሮ «አልጠየቅሽኝም» የሚለው ቃል ማንንም አይነካም ነበር። በመንገድ የሚያልፍ ሰው አልጠየቀኝም ብሎ የሚያዝን ማን ነው? ከክፍል ጓደኛዬ የምለየው እዚህ ላይ ነው፤ እሱ ወዳጅነቱ የለም ስላለ ከሎራ ምንም አይጠብቅም፤ እኔ አለ ስላልኩ እጠብቃለሁ።

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ለእናቴ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ። «ምን አጉድዬባት አውቃለሁ? ለይቼያት አውቃለሁ?» አለችኝ። ሎራ በወጥ ቤት ውስጥ ከተናገረችው አንድም ቃል አልተለወጠም ማለት ይቻላል፤ ይህን ግን ልነግራት አልደፈርኩም። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ሳሎን ተቀምጬ ሳጠና፣ እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ስትናገር ሰማሁ። «አንቺ፣ ለመሆኑ ዕቁብ አለሽ ይባላል፤ እውነት ነው? ዳኛዋስ አንቺ ነሽ?» አለቻት። ድምፅዋ የተለመደው ድምፅዋ ነበር፤ እሷ ሌላ ድምፅ የላትም። ጥቂት ዝም ተባለ። ከዚያ የሠራተኛዋ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ምነው እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ሲል ሰማሁ።

እናቴ ምን እንደ መለሰች አልሰማሁም፤ ቧንቧው ተከፍቶ ውሃው ይንሿሿ ነበር። ግን ቶሎ አልወጣችም። እራት ያን ቀን ዘግይቶ ነው የቀረበው።